ዶክ ቦግስን ዝም ያሰኘው ማን ነው?

ስለ ዶክ ቦግስ የተጻፈ ነገር ያነበበ ሰው ሁልጊዜ የሚያገኘው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። በቨርጂኒያ ተራሮች መካከል የሚኖር አንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ባንጆ ይጫወት ነበር፤ በ1927 ኒውዮርክ ሄዶ ሸክላ አስቀረጸ፤ ሃይማኖተኛዋ ሚስቱ ግን ዘፈን አልወድም ብላ አስተወችው፤ ከ30 ዓመት በላይ ዝም ካለ በኋላ በ1963 አንድ ወጣት ፈልጎ አገኘውና እንደገና ዘፈነ። አለቀ። አጭር ነው፤ ለማውራትም ይመቻል። ባለፈው የክፍል ውይይታችን ላይም ይኸው ታሪክ ተነሥቶ አንዱ ልጅ «ስንቱን ዘፈን ነው ያስቀረችብን ሴትዮዋ!» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። በእኔ እምነት ዶክ ቦግስን ዝም ያሰኘችው ሚስቱ ሣራ አይደለችም። ቢያንስ ብቻዋን አይደለችም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሰውየውን ለማታውቁት። ሙሉ ስሙ ሞራን ሊ ቦግስ ይባላል። ዌስት ኖርተን በተባለች የቨርጂኒያ ከተማ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1898 ተወለደ። የአሥር ልጆች ታናሽ ነው። ስሙ የወጣለት በከተማው ሐኪም ሲሆን፣ «ዶክ» የሚለው ቅጽል ስምም ከዚያው የመጣ ነው፤ ዶክተር ለማለት ነው። ሕክምና የሚባል ነገር ግን በአጠገቡም አላለፈ። አባቱ አናጢና ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ዶክ ሲወለድ አካባቢው ባቡር ከገባበት ብዙም አልቆየም፤ ባቡሩን ተከትለው የከሰል ኩባንያዎች መጡ፤ ገበሬው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ጉድጓድ ገባ። ዶክም በ12 ዓመቱ ገደማ ገባ። ልብ በሉልኝ፣ ሣራን ያገባው በ1918 ነው። ማዕድኑ ከሚስቱ ይቀድማል።

ስለ ባንጆው ትንሽ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህን ሳያውቁ ሰውየውን መረዳት አይቻልም። ባንጆ ማለት እንደ ከበሮ ክብ የሆነ፣ ፊቱ ላይ ቆዳ የተወጠረበት፣ አንገቱ ረጅም የሆነ የክር መሣሪያ ነው። የማሲንቆን ሣጥንና ቆዳውን የሚያውቅ ሰው ድምፁ ለምን እንደዚያ ደረቅና ቶሎ የሚጠፋ እንደሆነ ይገባዋል። አምስተኛዋ ክር ከሌሎቹ አጭር ናት፤ በአውራ ጣት እየተመታች ሳትቋረጥ ትጮኻለች። ዛሬ ብዙ ሰው ባንጆ ሲባል ፈረንጅ ገበሬ ነው የሚታየው። መሣሪያው ግን ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት ከሄዱት ዕውቀት የተወለደ ነው። ነጮቹ ከጥቁሮቹ ነው የተማሩት።

ዶክም እንደዚያው ነው የተማረው። ልጅ ሆኖ «ጎ ላይትኒንግ» የሚሉት አንድ ጥቁር ጊታር ተጫዋች በባቡሩ ሐዲድ ላይ ሲሄድ እየተከተለ «ተጫወትልኝ» እያለ ይለምነው እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ዶርቸስተር በምትባል የማዕድን ሠፈር ደግሞ የጥቁሮች የክር ባንድ ሲጫወት አየ። በዚያ አገር አብዛኛው ባንጆ ተጫዋች ክሩን በጥፍሩ ጀርባ ወደ ታች ነው የሚመታው። በዚያ ባንድ ውስጥ የነበረው ባንጆ ተጫዋች ግን ክሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየለቀመ ነበር የሚጫወተው። ዶክ «እኔም እንዲህ ነው የምጫወተው» አለ፤ በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶቹ መልቀም ለመደ። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ባንጆው ዘፈኑን የሚያጅብ ሳይሆን አብሮት የሚዘፍን ሆነ። ጉሮሮው የወጣበትን ድምፅ ክሩም ይወጣበታል፤ ሁለቱ እንደ ጥላና እንደ ሰው ይከታተላሉ። ባለ ማሲንቆ አዝማሪን ሲሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም።

ሌላም አለ። በዚያን ጊዜ የሸክላ ኩባንያዎች የጥቁሮችን ሙዚቃ በአንድ ካታሎግ፣ የተራራውን የነጭ ሙዚቃ በሌላ ካታሎግ ለይተው ነበር የሚሸጡት። ዶክ ግን የጥቁር ሴት ድምፃውያንን የብሉስ ሸክላ ሰምቶ በባንጆው ይጫወተው ነበር። ካታሎጉ የለየውን ጆሮው አልለየም። ይህ ለብቻው አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ።

በ1927 ብራንስዊክ የተባለው ኩባንያ ድምፃውያን የሚመለምሉ ሰዎች ልኮ ኖርተን ሆቴል ውስጥ ፈተና አደረገ። ዶክ የተዋሰውን ባንጆ ይዞ፣ ለድፍረት አንድ ሁለት ቀማምሶ ገባ። ከጥቂቶቹ ተመራጮች አንዱ ሆነ። ኒውዮርክ ሄዶ 8 ዘፈን አስቀረጸ። ከነሱ መካከል «ካንትሪ ብሉስ» እና «ሹገር ቤቢ» የሚባሉት ይገኛሉ። እነዚህን ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ድምፁ አያባብልም፣ አይለማመጥም። በአፍንጫው በኩል የሚወጣ፣ ደረቅ፣ እንደተዘጋ በር ነው። የሚያስፈራውን ነገር ሁሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ዓይነት ይነግራችኋል።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ታሪኩ የሚጣመመው። ዶክ ማዕድኑን ትቶ በሙዚቃ ለመኖር ሞከረ። ባንድ አቋቁሞ በየማዕድን ሠፈሩ እየዞረ ተጫወተ። በ1929 ደብልዩ ኢ ማየር የሚባል ሪችላንድስ የምትባል ከተማ ነጋዴ «ሎንሰም ኤስ» የሚል የራሱን የሸክላ ኩባንያ አቋቁሞ ዶክን ወደ ቺካጎ ላከውና 4 ዘፈን አስቀረጸው። ማየር ግጥም ጸሐፊ ነኝ ባይም ነበር፤ ግጥሞቹን ለዶክ ሰጥቶ አዘፈነው። (ይኸው ሰውዬ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ለተባለው ጥቁር ጊታር ተጫዋችም ግጥም ልኳል። የሚገርመው ኸርትም እንደ ዶክ ተረስቶ ቆይቶ፣ እንደ ዶክ በ1963 ነው ተፈልጎ የተገኘው።) ማየር በተራራው ዘፋኞች ዘንድ ፋሽን የሆነውን ድምፅን እያርገበገቡ መዝፈን ስለሚጠላ ሸክላው ላይ «ያለ ዮድል» ብሎ አስጽፎበታል! ደግ ሰው ይመስላል፤ ግን የጀመረበት ጊዜ ክፉ ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ።

ቁጥሩን ላስታውሳችሁ። በ1927 አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሽጧል፤ በ1932 የተሸጠው ግን 6 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህን ያደረገው የአንዲት የኖርተን ሴት ሃይማኖት ነው እንዴ? ሸክላ ገዢው የማዕድን ሠራተኛው ነበር፤ እሱ ደግሞ ዳቦ መግዛት አቃተው። ዶክ ከዚያም በኋላ አልተወም፤ ሞክሯል። ኦኬ የተባለው ኩባንያ አትላንታ ጠርቶት በሬዲዮ ማይክሮፎን ፊት ሲቆም ድንጋጤ ያዘውና ሳይሳካለት ቀረ። ቪክተር ደግሞ ሉዊቪል ጠራው፤ ለዚያ የመንገድ ገንዘብ አጣ። አዎ፣ የመንገድ ገንዘብ! ዛሬ የድሮው የአሜሪካ ሙዚቃ ምሰሶ ተብሎ የሚጠራ ሰው፣ ያኔ ለመሳፈሪያ የሚያበድረው ሰው አላገኘም። በመጨረሻ ባንጆውን ለአንድ ወዳጁ በመያዣ ሰጥቶ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ማዕድኑን ለቆ ጡረታ የወጣው በ1954 ነው። ሲደመር ከ40 ዓመት በላይ ከሰል ቆፍሯል።

አሁን ወደ ሣራ ልምጣ። ሣራ ዘፈኑን አትወድም ነበር፤ ይህ እውነት ነው፤ አልክድም። ባሏ ባንጆውን እንዲተው ፈልጋለች። ነገር ግን «ዘፈን አትወድም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚደብቅ እስቲ እናስብ። የዚያን ጊዜ ዘፈን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን እያጨበጨብን የምንሰማው ዓይነት አልነበረም። ደመወዝ በተከፈለ ቅዳሜ ማታ በሰው ቤት የሚደረግ ጭፈራ ነው። መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ዘመን ስለሆነ በድብቅ የተጠመቀ አረቄ አለ፤ ሽጉጥ አለ፤ ጠብ አለ። ዶክ ራሱ ከአረቄ ንግድም ሆነ ከጠብ ንጹሕ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም በኋላ ሳይደብቅ ተናግሯል። እንግዲህ ሣራ እቤት ቁጭ ብላ ሌሊቱን የምትጠብቀው ሰው «ታላቁ ድምፃዊ ዶክ ቦግስ» አይደለም። በሕይወት ይመጣል ወይስ አይመጣም የምትለው ባሏ ነው። እስቲ ከመካከላችን እህቱን ለእንደዚህ ዓይነት ባል የሚድር ማን ነው? በእኛስ አገር ቢሆን በሰርጉ ቀን አዝማሪ ጠርቶ ሲሸልም ያመሸ ሰው፣ ያው አዝማሪ ልጅህን ለልጄ ቢለው ዘር መቁጠር አልነበር የሚጀምረው? ሣራን «ኋላ ቀር» ለማለት የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ይህን ይመልስልኝ።

ደግሞ ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ። ዶክ ራሱም ያምን ነበር። ባንጆ የሰይጣን መሣሪያ ነው የሚለው አስተሳሰብ የሣራ የግል ሐሳብ ሳይሆን የአገሩ ሁሉ ሐሳብ ነው። ዶክም ያደገው በዚያው ነው፤ በኋላም ቤተ ክርስቲያን ገባ። በ1963 ዓለም እንደገና ሲያጨበጭብለት እንኳ ልቡ አላረፈም ነበር፤ መጫወቱ ኃጢአት ይሆን ወይ እያለ ይጨነቅ ነበር። ሣራ አፉን ያዘችው ከምንል፣ ሁለቱም በአንድ ዓለም ውስጥ ይኖሩ ነበር ብንል ወደ እውነቱ ይበልጥ የምንቀርብ ይመስለኛል።

ታዲያ ለምን ነው ጣቱ ሁሉ ወደ ሣራ የሚጠቆመው? እኔ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛ፣ ኢኮኖሚ ፊት የለውም። የገበያ ውድቀትን በተረት ውስጥ ክፉ ገጸ ባሕርይ ማድረግ አይቻልም። ሴት ግን ይቻላል፤ በተለይ ጸሎተኛ ሴት። ሁለተኛው የበለጠ የሚያሳስበኝ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰችው ሣራ በአብዛኛው ባሏ የተናገረላት ሣራ ናት። ዶክ ለሰዓታት ተቀድቷል፤ ቃለ ምልልሱ ለብቻው ተመርጦ በሸክላ እስከ መታተም ደርሷል። ስለ ትዳራቸው የምናውቀው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ የመጣ ነው። በአንድ ወገን ምስክር ብቻ ፍርድ መስጠት በየትኛው ዳኝነት ነው የተፈቀደው?

ስለ ቀጂው ሳልናገር ማለፍ ግን ግፍ ይሆናል። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የተባለ ሰብሳቢ ከራሱ የድሮ ሸክላዎች 84 መርጦ በፎክዌይስ ኩባንያ በኩል በስብስብ አወጣ። ከነዚህ ሁለቱ የዶክ ናቸው። የኒውዮርክ ወጣቶች ቁጭ ብለው ይህንን ድምፅ ሲሰሙና «ይሄ ሰው ማን ነው? መቼ ሞተ?» ሲባባሉ፣ ሰውየው ገና ከማዕድኑ ጡረታ እንኳ አልወጣም ነበር። ይህ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚዘገንነው ክፍል ነው። ቆይቶ ማይክ ሲገር የሚባል ሙዚቀኛ በ1963 ኖርተን ድረስ ሄዶ ፈለገው። አገኘውም። ዶክም ያን የተያዘውን ባንጆ አስመልሶ እንደገና መነካካት ጀምሮ ነበር የደረሰበት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ሩጫ ሆነ፤ በዚያው በጋ አሽቪል በተደረገ የፎክ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ፤ ወዲያው ደግሞ ኒውፖርት ላይ በሺዎች ፊት ቆመ። ዕድሜው 65 ነበር። ከዚያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በወጣትነቱ ካስቀረጻቸው 12 ዘፈኖች በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዘፈን ቀዳ።

የፎክሎር ተማሪ እንደመሆኔ ከሲገር የወሰድኩት ትልቅ ነገር የፈለገበት ትጋት አይደለም። የጠየቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዘፈኑን ብቻ ቀድቶ አልሄደም። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ ስለ አረቄው፣ ስለ ጠቡ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ጠይቆታል። እኛ ግን የመስክ ሥራ ስንወጣ ምንድን ነው የምናደርገው? አዝማሪውን እናስቀምጠውና «እስቲ አንድ ሁለት ዘፈን ይጫወቱልን» እንላለን፤ ቅኝቱ አምባሰል ነው ባቲ ብለን እንመዘግባለን፤ አበቃ። ጠላ ቀድታ ያስተናገደችንን ባለቤቱን ስሟን እንኳ የጻፈ ተማሪ አላየሁም። ሰውዬው የእርሻ ሥራ አለው? ዕዳ አለበት? ልጆቹ ማሲንቆ እንዲይዙ ይፈልጋል? ቢተወው ማን ይሆን ያስተወው? ይህ ሁሉ ከጥናቱ ርዕስ ውጭ ነው ይባላል። ርዕሱ ግን እሱ ነው እኮ!

አንዳንዶች «ከ1927ቱ ጋር ሲነጻጸር የ1960ዎቹ ቅጂ ደካማ ነው፤ ጊዜው አልፎበታል» ይላሉ። በዚህም አልስማማም። አዎን፣ የወጣትነቱ ድምፅ ስለት አለው። ጣቱም የፈጠነ ነው። ነገር ግን ሲገር የቀዳውን «ኦ ዴዝ» የተባለውን ዘፈን የሰማ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። በዘፈኑ ውስጥ የሚለመነው ሞት ነው። የ29 ዓመት ጎረምሳ ሞትን ቢለምን ድፍረት ሊመስል ይችላል። ከ40 ዓመት በላይ ጣሪያው መቼ ይናድብኛል እያለ የቆፈረ የ65 ዓመት ሰው ሲለምነው ግን ከሚያውቀው ሰው ጋር የሚነጋገር ነው የሚመስለው። በመካከል ያለውን ዝምታ «የባከነ ጊዜ» የሚሉት ሰዎች ያ ዝምታ ድምፁ ውስጥ መግባቱን አልሰሙም ማለት ነው። ያ ጊዜ መልካም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ሰውየው ቢመርጥ ኖሮ ሉዊቪል መሄዱን ነበር የሚመርጠው።

«ችሎታ ያለው ሰው ቢዘገይም መንገዱ ይከፈትለታል» የሚለውን ንግግርም ይህ ታሪክ ነው ያስጠላኝ። የዶክ መንገድ የተከፈተው ስሚዝ ሸክላ ሳይጥል በመሰብሰቡና ሲገር መኪናውን አስነሥቶ በመሄዱ ነው። ሁለቱ ባይኖሩስ? በዚያው ሆቴል፣ በዚያው ፈተና ላይ ቀርበው ያልተመረጡት ሰዎች እነማን ነበሩ? በዶርቸስተር ዶክን ጣት መልቀም ያስተማረው የጥቁሮቹ ባንድ ባንጆ ተጫዋችስ? እሱን ኒውዮርክ የጠራው የለም። እሱን ዝም ያሰኘችው የማን ሚስት ናት?

ዶክ ቦግስ የሞተው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1971፣ ልክ 73 ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። በ1997 የወጣትነቱ 12 ዘፈኖች በአንድ ላይ በሲዲ ታተሙ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ፎክዌይስ ዘንድ የቀዳቸው ተሰብስበው ወጡ፤ ስለ እሱም ብዙ ተጻፈ። ከሁሉም በፊት ግን የጡረታ ዘመኑን ያኖረው ባንጆው ሳይሆን የማዕድኑ ጉልበቱ ነው። ሲገር ማጉያውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ዶክን እያጫወተ ሳለ ሣራ የት ሆና ትሰማ እንደነበር፣ ስለ ሰማችውም ነገር ምን እንዳለች የጠየቀ ሰው ቢኖር ምን ዓይነት ካሴት በእጃችን በነበረ እላለሁ።